ትራስዎን መቼ ፈተሹት?

ብዙዎች በ«ሱፐርማን» ፊልም የሚያስታውሱት አሜሪካዊው ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ እ.ኤ.አ. በ1995 ከፈረስ ወድቆ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። በ2004፣ በ52 ዓመቱ ሲያርፍ፣ የግፊት ቁስል ተመርዞበት እየታከመ ነበር። ገንዘብም አስታማሚም ያልጎደለው ሰው ነበር።

ውድ አንባቢ፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው፤ ካልሆነም ለሚመለከተው ያንብቡለት።

ስንቀመጥ ክብደታችን የሚያርፈው በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። በአጥንቱና በወንበሩ መካከል የተጨፈለቀ ሥጋ ደም አያገኝም። ሌላው ሰው ሲደነዝዘው ሳያስበው ይነቃነቃል። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግን ስለማይሰማው ሥጋው ከውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ከላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

የዊልቸር ሸራ ብቻውን አይበቃም፤ እያደር ይረግባል። ትራስ ያስፈልጋል፣ ያውም ልክ የሆነ። ስፋቱ እንደ ዳሌዎ ይሁን፤ ርዝመቱ ከጉልበትዎ ጀርባ ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይተው። አዲስ ትራስ ከፍ ስለሚያደርግዎ የእግር መርገጫውም ይስተካከል። መርገጫው ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይንሸራተታሉ፤ ከፍ ካለ ደግሞ ጭንዎ መሸከሙን ትቶ ክብደቱ ሁሉ በመቀመጫ አጥንት ላይ ይወድቃል።

ስፖንጅ ከሆነ፣ ተቀምጠው ሳለ ሌላ ሰው እጁን ከትራሱ ሥር ያስገባ። አጥንትዎ መዳፉን ከተጫነው ስፖንጁ አልቋል፤ ይቀየር። በአየር የሚነፋ ከሆነ ደግሞ እጁን በእርስዎና በትራሱ መካከል አስገብቶ ከሁሉ ዝቅ ያለውን አጥንት ይፈልግ። ከአጥንቱ እስከ ትራሱ ወለል ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር አየር ይኑር። ድንጋይ እስኪመስል መንፋት አይጠቅምም። ከመነዳሪ ነፍቶ በቀዳዳው ላይ መቀመጥም አይመከርም፤ ቀለበቱ ዙሪያውን ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ይከለክላል። ደግነት መስሏቸው በትራሱ ላይ ጋቢ አጥፈው የሚያነጥፉልዎትንም በትሕትና ይከልክሏቸው።

ትራስ ምንም ቢወደድ ግፊትን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ዘንበል ብለው ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆዩ። የእሑዱ ጉባኤ እንደሚረዝም ያውቁታል፤ ሌላው ለመዝሙር ሲቆም እርስዎ ጎንበስ ይበሉ፣ ማንም አይታዘብዎትም። የኋላ ኪስዎም ከቁልፍና ከሳንቲም ባዶ ይሁን።

ጠዋትና ማታ ቆዳዎን በመስተዋት ይዩ። ብዙ ጊዜ «የቀላ ቦታ ፈልጉ» ይባላል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከአካባቢው ይበልጥ የጠቆረ፣ ሲዳሰስ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ካገኙ አያሹት፤ መልኩ እስኪመለስ አይቀመጡበት። ቆዳው ተልጦ ከሆነ ግን ቅባትም ቅጠልም ሳያደርጉ በቶሎ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ሲሄዱ ትራሱንም ይያዙ፤ ቁስሉ ብቻ ታክሞ በዚያው ባረጀ ስፖንጅ ላይ ከተመለሱ እንደገና መቁሰልዎ አይቀርም።