ገመድ ስለታሰረበት ልጅ

ባለፈው ክረምት በአንድ ቀበሌ ለቡና ተጠርተን አንድ ቤት ገባን። ከምሰሶው ሥር የሰባት ዓመት ልጅ ተቀምጧል። ወገቡ ላይ ገመድ አለ። የገመዱ ጫፍ ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ልጁ አያለቅስም። የጀሪካን ክዳን መሬት ላይ ያሽከረክራል። ክዳኑ ሲወድቅ ያነሣዋል፤ እንደገና ያሽከረክራል። ስሙን ጠራነው። ቀና ብሎ አላየንም።

እናቱ አፈረች። ቡናውን እየቀዳች እንዲህ አለችን፦

«ምን ላድርግ እናንተዬ? ወንዙ ቅርብ ነው። ውሃ ካየ ዘሎ ይገባል። አባቱ እርሻ ይውላል። እኔ ውሃ ልቀዳ፣ እንጨት ልለቅም እወጣለሁ። ማን ይጠብቅልኝ? ጠልቼው መሰላችሁ?»

ጠልታው አይደለም። ፈርታ ነው። ግን እኮ ታስሮ የሚውል ልጅ ምንም አይማርም። ታዲያ ምን ይደረግ? ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ነው።

የልጁ ሁኔታ ስም አለው። ኦቲዝም ይባላል። የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዱ አይናገርም። አንዳንዱ የሰማውን ቃል ብቻ ይደጋግማል። አንዳንዱ ደግሞ ደህና አድርጎ ይናገራል፤ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ግን ይቸግረዋል። ሲጠሩት ዞር የማይል አለ። እጁን የሚያርገበግብ አለ። የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይጮኻል። የሠርግ ከበሮና የገበያ ጫጫታ ጆሮውን ያስጨንቀዋል። ሰው ይህን አይቶ «ባለጌ ነው» ይላል። ብልግና አይደለም። ዱላም አያስተወውም።

እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገምታል።

ከምን መጣ? ጎረቤት ብዙ ይላል። እርግማን ነው ይላል፤ የእናቱ ኃጢአት ነው ይላል። የተማሩትም ተሳስተው ያውቃሉ። ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም በ1943 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካን አገር ስለ 11 እንዲህ ያሉ ልጆች ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አንዳንድ ሐኪሞች «እናቲቱ ፍቅር ስለነሣችው ነው» ይሉ ነበር። ስንቷን እናት አስለቀሱ! ኋላ ግን ነገሩ ስህተት መሆኑ ታወቀ። ልጁ ገና ሳይወለድ ጀምሮ አእምሮው የሚያድግበት መንገድ የተለየ ነው። በዘር የሚወረስም ነገር አለበት። ክትባት አያመጣውም።

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ ፍየላችሁን አትሽጡለት። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ነገር ግን ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ። እዚያ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ጆሮው ነው። የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት ዝም ይላልና። ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች የሚጥል በሽታ የሚይዛቸው አሉ። ለዚህኛው መድኃኒት አለው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ሸሚዝ መልበስን እንውሰድ። ለእኛ አንድ ሥራ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ስድስት ሥራ ነው። ሸሚዙን ማንሣት፣ ፊቱንና ኋላውን መለየት፣ ራስን ማስገባት፣ አንዱን እጅ ማስገባት፣ ሌላውን እጅ ማስገባት፣ ወደ ታች መሳብ። እናቱ አምስቱን ትሥራለት። የመጨረሻዋን ብቻ ለእሱ ትተውለት። እጁን ይዛ የሸሚዙን ጫፍ ታስስበው። ልክ ሲስብ «ጎሽ!» ትበለው፤ የሚወደውን ክዳን ትስጠው። ነገም እንዲሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ብቻውን መሳብ ሲችል ደግሞ ሌላውን እጅ ማስገባት ትተውለት። እንዲህ እያለ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ከኋላ የሚጀመረው ለምንድን ነው? ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን ጨርሶ እንዲመሰገን ነው። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ወር ሊፈጅ ይችላል። እጅ መታጠብም፣ በማንኪያ መብላትም በዚሁ መንገድ ይማሩታል።

ንግግር አሳጥሩለት። «ና እስቲ እጅህን ታጠብና እራትህን ብላ» ቢሉት ይደናገራል። ውሃውን አሳይቶ «ታጠብ» ማለት ይበቃል። ከቤት ስትወጡም ድንገት አትጎትቱት። ወደ ወንዝ ከሆነ ጀሪካኑን አስቀድማችሁ አሳዩት። ምግብ ከሆነ ጭልፋውን አሳዩት። ቀኑ በለመደው ተራ ሲሄድለት ጩኸቱ ይቀንሳል። ከጮኸም ከመምታት በፊት ምን እንደሆነ እንፈልግ። ርቦት ይሆን? ጥርሱን አሞት ይሆን? ተናግሮ የማይነግረን ልጅ የሚነግረን በጩኸት ነው።

ቆሎ በአንድ እጅ፣ ዳቦ በሌላ እጅ ይዛችሁ «የቱን?» በሉት። ከዚያ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ብዙዎቻችን ሁለት ሳንቆጥር እናጎርሰዋለን። ልጁ እጁን ቢዘረጋ ወይም ወደ አንዱ ቢያይ፣ ያ ንግግር ነው። ወዲያው ስጡት።

አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የሚባሉ እናት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ አይናገርም ነበር። ትምህርት ቤቶች አልቀበል አሏቸው። እሳቸው ግን በር ዘግተውበት አልተቀመጡም። በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። ዘዴው መናገር ለሚያቅታቸው ልጆች የፊደላችንን ድምፅ መነሻ ያደርጋል። አንባቢ ሆይ፣ አንተና አንቺ በቅርቡ የቆጠራችሁት ያው ፊደል ነው! እኛም ብንሆን «ሀ»ን ከ«ሐ» ለመለየት ስንት ቀን ፈጀብን?

ማዕከሉ ያለው አዲስ አበባ ነው። ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ስለዚህ ዋናው አስተማሪ ቤተሰቡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለወላጆች የሚሰጥ ሥልጠና አዘጋጅቶ በአገራችን ተሞክሯል። አሠልጣኞቹ የግድ ሐኪም መሆን የለባቸውም።

ወንዙስ? ወንዙን መፍራት ትክክል ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ውሃ ይስባቸዋል፤ አደጋም ይደርስባቸዋል። እንግዲህ ለእናቲቱ አጥሩን የሚያጠብቅላት ሰው ያስፈልጋል። በሩ ላይ ቃጭል ቢሰቀል ሲከፈት ይሰማል። ከሁሉ በላይ ግን ተራ ያስፈልጋል። ደቦ ለአጨዳ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? አንዷ ውሃ ስትቀዳ ሌላዋ ልጁን ብታይላት ምን ይጎድልባታል?

በጥቅምት ተመልሰን ሄድን። አጥሩ ታድሷል። ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እናቲቱ ገበያ የምትሄድበት ቀን አማቷ ካልመጣች አሁንም ትቸገራለች፤ አልደበቀችንም። ልጁ ዛሬም አይናገርም። ሸሚዙን ግን ራሱን ካስገባችለት የቀረውን ብቻውን ይጨርሳል። እኛ ቡና ስንጠጣ ተነሣና ኩባያውን አምጥቶ እናቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ውሃ ጠምቶት ነው።