ከሳራዬቮ እስከ ሰገሌ፦ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መንስዔና የገለልተኛዋ ኢትዮጵያ ዕጣ

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል፣ በሰሜን በበሽሎ፣ በደቡብ ምዕራብ በዓባይ ሸለቆ የተከበበው የመካነ ሰላም፣ የሳይንትና የወረሂመኖ ደጋ ከአውሮፓ የጦር ሜዳዎች በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይሁን እንጂ በ1906 ዓ.ም. ክረምት በአውሮፓ የተቀሰቀሰው ጦርነት ሁለት ዓመት ጥቂት አለፍ ሲለው የወሎን ሠራዊት ከቀዬው አንቀሳቅሶ ሰሜን ሸዋ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከረገፈበት ውጊያ ማግዶታል። የሰገሌ ውጊያ በተነሣ ቁጥር በአብዛኛው የሚወሳው የንጉሥ ሚካኤልና የሸዋ መኳንንት የሥልጣን ግብግብ ነው። ከግብግቡ ጀርባ የነበረው የዓለም ጦርነት ግን ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም።

የጦርነቱ የቅርብ ምክንያት በሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1914) የኦስትሪያ ሀንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከነባለቤታቸው በሳራዬቮ ከተማ በአንድ የቦስኒያ ሰርብ ወጣት ጥይት መገደላቸው ነበር። ኦስትሪያ በወሩ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች። ሩሲያ ለሰርቢያ፣ ጀርመን ለኦስትሪያ፣ ፈረንሳይ ለሩሲያ ቃል ኪዳን ስለነበረባቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉም ጦራቸውን አንቀሳቀሱ።

አንድ ግድያ ያን ያህል አገር ሊያነድ የቻለው ማገዶው ቀድሞ ተከምሮ ስለነበረ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1871 በጀርመን የተነጠቀችውን የአልዛስና የሎሬን ግዛት አልረሳችም። ብሪታኒያ የጀርመን የባሕር ኃይል መጠናከር እንቅልፍ ነስቷት ነበር። በባልካን አገሮች ደግሞ ኦስትሪያና ሩሲያ የቱርክን ውርስ ለመካፈል ይሻኮታሉ። የአፍሪካ ቅርምትም ከዚህ የተለየ ጉዳይ አልነበረም። ጣሊያን በ1904 ዓ.ም. መባቻ ሊቢያን ለመያዝ በኦቶማን ቱርክ ላይ ጦርነት ስትከፍት የቱርክ ድካም ለዓለም ተገለጠ፤ የባልካን መንግሥታትም በማግሥቱ ተባብረው ቱርክን ወጉ። በዚያው የሊቢያ ዘመቻ ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው እንዲዋጉ ተደርጓል። የአካባቢያችን ሰው ለአውሮፓ ጠብ ደሙን ማፍሰስ የጀመረው እንግዲህ ከ1906 ዓ.ም. በፊት ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር ገለልተኛ ነን ያሉ አገሮች ጥቂት አልነበሩም፤ የገለልተኛነታቸው ፍጻሜ ግን የተለያየ ነበር። ታላላቆቹ መንግሥታት ራሳቸው ገለልተኛነቷን በውል ያረጋገጡላት ቤልጂግ በመጀመሪያው ሳምንት በጀርመን ጦር ተወረረች፤ ብሪታኒያም ይህንኑ ምክንያት አድርጋ ወደ ጦርነቱ ገባች። አሜሪካ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ዳር ቆማ ከተመለከተች በኋላ ጀርመን ማናቸውንም መርከብ በሰርጓጅ መርከብ ማስመጥ ስትጀምር፣ ሜክሲኮንም በአሜሪካ ላይ ለማስነሣት የላከችው ምሥጢራዊ ቴሌግራም ሲጋለጥ፣ በመጋቢት 28 ቀን 1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1917) ጦርነት አወጀች።

ለኢትዮጵያ ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው የጣሊያን ጉዳይ ነው። ጣሊያን የጀርመንና የኦስትሪያ ቃል ኪዳን ተካፋይ ብትሆንም በመጀመሪያ ገለልተኛ መሆኗን አስታውቃ ነበር። ከዚያም ከሁለቱም ወገን ጋር ስትደራደር ከርማ በሚያዝያ 18 ቀን 1907 ዓ.ም. ለንደን ላይ ከብሪታኒያ፣ ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጋር ምሥጢራዊ ውል ፈረመች፤ ግንቦት 15 ቀንም በኦስትሪያ ላይ ጦርነት አወጀች። የዚህ ውል 13ኛ አንቀጽ ብሪታኒያና ፈረንሳይ የጀርመንን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ወስደው ከተስፋፉ ለጣሊያን በኤርትራ፣ በሶማሊያና በሊቢያ ወሰኖች በኩል ካሳ እንደሚሰጣት ይገልጻል። ኤርትራና የጣሊያን ሶማሊያ የሚዋሰኑት ከኢትዮጵያ ጋር መሆኑን ላስተዋለ፣ ጣሊያን ገለልተኛነቷን ስትሸጥ ከዋጋው ከፊሉ የሚታሰበው በማን ላይ እንደነበረ ለመረዳት አያዳግትም።

የኢትዮጵያ ገለልተኛነት የቆመው በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አርፈው ሥልጣኑን የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ይዘዋል። በግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. አባታቸው ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሳራዬቮ ላይ ጥይት የተተኮሰው ከዚህ በዓል አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። የወረሂመኖው ተወላጅ ሥልጣን እስከ ትግራይ መዝለቁ አስመራ የነበረውን የቅኝ አስተዳደር አሳስቦት እንደነበር ይታወቃል።

አገሪቱን ከብበው የያዟት ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ነበሩ። ሦስቱ መንግሥታት በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያን ነጻነት እንደሚያከብሩ ቢገልጹም፣ ማዕከላዊው መንግሥት ቢናጋ የየራሳቸው ጥቅም የትኛው እንደሆነ ከወዲሁ ተነጋግረው ነበር። ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ መሬት፣ ፈረንሳይ የጅቡቲውን ባቡር መስመር፣ ብሪታኒያ ደግሞ የዓባይን ተፋሰስ ድርሻቸው አደረጉ። ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ሸለቆው የሚወርደው ጅረት ሁሉ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ለንደን ላይ በተፈረመ ወረቀት የሌላ አገር ጥቅም ተብሎ ተመዝግቦ ነበር ማለት ነው።

ጀርመንና ቱርክ በበኩላቸው ኢትዮጵያን ወደ ራሳቸው ለማምጣት ጣሩ። በኅዳር 1907 ዓ.ም. ኢስታንቡል ላይ የጂሃድ አዋጅ ታወጀ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሊዮ ፍሮቤኒየስ እ.ኤ.አ. በ1915 መጀመሪያ መልእክተኛ ሆኖ በቀይ ባሕር በኩል ወደ አዲስ አበባ ለማለፍ ቢሞክርም ጣሊያኖች ኤርትራ ላይ አግደው መለሱት። ሐረር የነበረው የቱርክ ቆንስል ማዝሐር ቤይ ግን ለልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰው ለመሆን በቃ። ልጅ ኢያሱም በሐረርና በጅጅጋ ቆይታቸው ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ወዳጅነትና ጋብቻ መሠረቱ፤ በብሪታኒያና በጣሊያን ላይ ከሚዋጋው ከሰይድ ሙሐመድ አብዱላህ ሐሰንም ጋር ተላላኩ።

የልጅ ኢያሱ ዓላማ ምን ነበር በሚለው ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን አልተስማሙም። የሚበዙት ግን ጀርመንና ቱርክ ቢያሸንፉ ኢትዮጵያን ከባሕር የለያትን የቅኝ ግዛት ቀለበት መስበር ይቻላል የሚል ተስፋ እንደነበራቸው ይገልጻሉ። ተስፋው ከንቱ ነበር ለማለት ያስቸግራል። አደገኛ እንደነበር ግን ጥርጥር የለውም፤ ምክንያቱም የጦር መሣሪያውም ሸቀጡም የሚገባው ተባባሪዎቹ መንግሥታት በያዟቸው ወደቦች በኩል ብቻ ነበር።

በ1908 ዓ.ም. ማብቂያ ልጅ ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ከሐረር ግዛት ሻሩ። በዓመቱ መባቻ የሦስቱ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ተባብረው የልጅ ኢያሱን አካሄድ የሚቃወም ማስታወሻ ለኢትዮጵያ መንግሥት አቀረቡ። የሸዋ መኳንንት ቀድሞውንም በልጅ ኢያሱ አስተዳደር ያኮረፉ ነበሩ። የሦስቱ መንግሥታት ተቃውሞ ድፍረት ጨመረላቸው። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብሎ መኳንንቱና ሠራዊቱ ከገቡላቸው መሐላ በአቡነ ማቴዎስ ተፈቱ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልጅ ኢያሱ በእርግጥ ሰልመው ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲኖር ለኖረበት ለወሎ ሰው፣ ከሙስሊም ጋር መቀራረብ ብቻውን ለክህደት ማስረጃ ተደርጎ መቅረቡ ግራ ሳያጋባው የቀረ አይመስልም።

ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ለማስመለስ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም ወደቁ። በዚህ ድል ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ቢገሰግሱ ኖሮ የታሪኩ አቅጣጫ ሊለወጥ ይችል እንደነበር የሚገምቱ አሉ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን የልጅ ኢያሱ ወገን መስለው በላኩት መልእክት ንጉሡን አዘገዩአቸው፤ በተገኘውም ጊዜ የሸዋ ጦር ተጠናቆ ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ሠራዊቶች መድፍና መትረየስ አሰልፈው ገጠሙ። ውጊያው ከአድዋ ወዲህ በአገሪቱ ከተደረጉት ትልልቅ ውጊያዎች አንዱ ነው፤ ልዩነቱ በሁለቱም ወገን የወደቀው ኢትዮጵያዊ መሆኑ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ድል አድራጊዎቹ አዲስ አበባ ሲገቡ በሰንሰለት ታስረው፣ ድንጋይ ተሸክመው በሕዝብ ፊት እንዲያልፉ ተደረገ። ከእስር ሳይወጡም በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ አረፉ።

ለምዕራብ ወሎ ደጋ ነገሩ በሰገሌ አላበቃም። ልጅ ኢያሱ በአፋር በረሃ በኩል ወሎ ከገቡ በኋላ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የመቅደላ አምባ መሸጉ። ከአፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በኋላ አምባው ዳግመኛ ተከበበ። በሐምሌ 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከበባውን ሾልከው ወጥተው የወሎን ገበሬ ለዐመፅ አስነሡ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በነሐሴ ጦር ይዘው ገብተው ዐመፁን ሰበሩ፤ ራስ ይመርን ጨምሮ ብዙ የጦር አለቆች ተማረኩ። የወሎ ግዛትም በሸዋ ሹማምንት ሥር ዋለ። ወሩ ክረምት ነበርና ማሳውን ትቶ የተነሣው ገበሬ ከጦሩ በተጨማሪ የዓመት እህሉንም ማጣቱ አይቀርም።

አዲሱ መንግሥት ወደ ተባባሪዎቹ ቢያዘነብልም ጦርነት አላወጀም። ኢትዮጵያ እስከ መጨረሻው በሕግ ገለልተኛ ሆና ቆየች። ተፋላሚዎቹ ከተኩስ አቁም የደረሱት ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወር ጦርነቱ በዓለም ያዛመተው ኢንፍሉዌንዛ፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ አዲስ አበባን አጠቃ። በ1911 ዓ.ም. ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት የደስታ መግለጫ የሚያቀርቡ መልእክተኞች ተላኩ፤ ወደ አሜሪካ የሄዱት ደጃዝማች ናደው፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ይገኙባቸዋል።

የድል ተካፋይ ያልነበረች አገር ግን በሰላሙ ገበታ ወንበር አላገኘችም። እንዲያውም አሸናፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ1919 በሳን ዠርመን በፈረሙት ስምምነት ኢትዮጵያን የጦር መሣሪያ እንዳይገባባቸው ከተከለከሉት የአፍሪካ አካባቢዎች ጋር ደመሯት። ራስ ተፈሪ አገሪቱን በመንግሥታት ማኅበር ለማስገባት የተጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጥረቱም መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ተሳካ። ዕለቱ ልጅ ኢያሱ ከተሻሩበት ከመስቀል በዓል ጋር መግጠሙ ለታሪክ ተመልካች የሚገርም አጋጣሚ ነው።

ጣሊያን በለንደኑ ውል ቃል የተገባላትን ካሳ በሙሉ አላገኘሁም እያለች ማጉረምረሟን አላቆመችም፤ በመጨረሻም በ1928 ዓ.ም. መስከረም ጦሯ የመረብን ወንዝ ተሻገረ። በ1913 ዓ.ም. ከተያዙ ወዲህ ዕድሜያቸውን በእስር ያሳለፉት ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ኅዳር በጋራ ሙለታ ሲሞቱ የጣሊያን ወታደሮች መቀሌ ገብተው ነበር።