የማዕድን ናሙና ግዥና ሽያጭ

ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው ተራራ ላይ ፖርክ ኤፒክ የተባለ ዋሻ አለ። ቃሉ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በዋሻው በተካሄደ ቁፋሮ 40 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ ቁጥሩም ከ4,200 የሚበልጥ የኦከር ስብርባሪ ተገኝቷል። ኦከር ብረት ያለበት ቀይና ቢጫ የቀለም ድንጋይ ነው። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ የኖሩ ሰዎች ይህን ድንጋይ እየመረጡ ያመጡ፣ እየፈጩም ቀለም ያወጡበት ነበር። እንግዲህ ሰው ድንጋይን በመልኩና በጠባዩ መርጦ መሰብሰብ የጀመረው ትናንት አይደለም።

ዛሬ ይህ ልማድ ሰፊ ንግድ ሆኗል። በአሜሪካ አገር በቱሳን ከተማ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ትርኢት ለዚህ ምሳሌ ነው። ወደዚህ ዓይነቱ ገበያ የሚቀርበው ድንጋይ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ተቆርጦና ተወልውሎ ለጌጥ የሚውለው ነው። ይህ በካራት ይመዘናል፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። ሁለተኛው ናሙና ይባላል። ናሙና የሚወደደው ተፈጥሮ እንደሠራችው ሳይነካ ሲቀር ነው። ጫፉ ያልተሰበረ፣ ከበቀለበት ድንጋይ ጋር ያለ፣ የተገኘበትም ቦታ በጽሑፍ የታወቀ ናሙና ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣል። በመሆኑም ድንጋዩን ያሳምርልኛል ብሎ በመዶሻ የሚጠርብ ሰው ሳያውቅ የገዛ ገንዘቡን ይጥላል።

በአገራችን በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው ማዕድን ኦፓል ነው። በሰሜን ሸዋ በመዘዞ አካባቢ የተገኘው ኦፓል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዓለም ገበያ ታወቀ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በወሎ፣ በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና አካባቢ ሌላ ከፍተኛ ክምችት ተገኘ። ኦፓል ውሃ ያዘለ ሲሊካ ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃንን ስለሚበትኑ ድንጋዩ ሲዟዟር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ያሳያል።

የወሎው ኦፓል አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይመጣል። በዚህም ጊዜ ክብደቱ ይጨምራል፤ መልኩ እንደ መስተዋት ይጠራል፤ የቀለሙም ጨዋታ ሊደበዝዝ ይችላል። ሲደርቅ ግን ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ስለዚህ እርጥብ ድንጋይ በሚዛን የሚገዛ ሰው የውሃውንም ዋጋ ይከፍላል፤ እውነተኛውንም ቀለም አያይም። አስተዋይ ገዥ ድንጋዩ በሚገባ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ስንጥቅ እንዳለበትም በብርሃን ይመረምራል። ሐቀኛ ሻጭ ደግሞ ይህን ጠባይ ሳይጠየቅ ይናገራል።

ድንጋይን የመለየት ልምምድ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። የድሬዳዋ አካባቢ በኖራ ድንጋይ የታወቀ ነው፤ የከተማው ሲሚንቶ ፋብሪካም የተመሠረተው በዚሁ ሀብት ላይ ነው። በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ካልሳይት የተባለ ነጭ ማዕድን ይገኛል። ካልሳይት ሲያዩት ኳርትዝ ከተባለው ማዕድን ጋር ይመሳሰላል። ይሁን እንጂ ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ ካልሳይት 3ኛ፣ ኳርትዝ 7ኛ ደረጃ አላቸው። የብረት ምስማር ካልሳይትን ይጭረዋል፤ ኳርትዝን ግን አይጭረውም። እንዲያውም ኳርትዝ ራሱ መስተዋት ይጭራል። በተፈጨ ካልሳይት ላይ ኮምጣጤ ቢንጠባጠብበት አረፋ ያወጣል፤ ኳርትዝ ግን ምንም ለውጥ አያሳይም። ይህን የሚያውቅ ሰው አንዱን በሌላው ስም አይገዛም፤ አይሸጥምም።

ከዕውቀት ቀጥሎ ሕግ መታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ማዕድን ቆፍሮ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። እንደ ፖርክ ኤፒክ ካለ ጥንታዊ ዋሻ ደግሞ አንዲት ጠጠር እንኳ ማንሳት አይገባም። በዚያ ያለው የሰው ልጅ ታሪክ ቅርስ እንጂ ሸቀጥ አይደለም፤ ከቦታውም ሲነሳ ምስክርነቱን ያጣል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በደላንታ ገደላማ ቦታ ጉድጓድ ምሶ ኦፓል የሚያወጣው ሰው ሕይወቱን ለናዳ አጋልጦ ነው። የድንጋዩን ጠባይና ደረጃ ካላወቀ ግን ሌሎች በብዙ የሚሸጡትን እርሱ በጥቂት ይሰጣል። ድንጋዩን መለየት፣ ማድረቅ፣ መመዘንና የተገኘበትን ቦታ መመዝገብ ለነጋዴ ብቻ የሚተው ሙያ አይደለም። ቆፋሪውም ሲያውቀው “ወርቅ ላበደረ ጠጠር” የሚለው ተረት በእርሱ ላይ አይፈጸምም።

መልመጃ

1. ለጌጥ የሚሆን ድንጋይና ናሙና በምን ይለያያሉ?
2. እርጥብ ኦፓል በሚዛን መግዛት ገዥውን የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው?
3. “ወርቅ ላበደረ ጠጠር” የሚለው ተረት በመጨረሻው አንቀጽ የገባበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ አብራሩ።