ሆድ ላይ የወጣው አንጀት

ታማሚው ከማደንዘዣው ነቅቶ አንሶላውን ገለጥ ሲያደርግ ከእምብርቱ በስተግራ ዝቅ ብሎ እንደ ከንፈር ውስጠኛው ገጽ ቀይና እርጥብ የሆነ ሥጋ ያያል። "ስፌቱ ተፈቷል፣ ዶክተሩን ጥሩልኝ!" ብሎ ቢጮህ አይፈረድበትም።

ስፌቱ አልተፈታም። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ኮሎስቶሚ ይባላል። ደንዳኔን፣ ማለትም ትልቁን አንጀት፣ በሆድ ግድግዳ በኩል አውጥቶ ከቆዳ ጋር መስፋት ነው። ውጭ የሚታየው ጫፍ ስቶማ ይባላል። ዓይነ ምድር ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ይወጣል፤ ከረጢት ይቀበለዋል።

በአገራችን ወደዚህ ከሚያደርሱት ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መታጠፍ ነው። ከፊንጢጣ ከፍ ብሎ ያለው የደንዳኔ ክፍል በአንዳንድ ሰው ረጅምና ልል ስለሆነ በራሱ ዙሪያ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ዓይነ ምድር ቀርቶ ፈስ እንኳ አይወጣም። ሰውየው ቶሎ ከደረሰና አንጀቱ ካልተጎዳ፣ ሐኪሙ በፊንጢጣ በሚያስገባው ቱቦ ጥምዝምዙ ሊፈታ ይችላል። ቤት ውስጥ ሆድ ሲታሽ፣ መኪና ሲጠበቅ ቀናት ካለፉ ግን ደም ያጣው አንጀት ይጠቁራል፤ የሞተው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል።

ታዲያ የቀሩት ሁለት ጤነኛ ጫፎች ለምን ወዲያው አይጋጠሙም? በተመረዘ ሆድና በደከመ ሰውነት ውስጥ የተሰፋ አንጀት ሊፈታ ይችላል። ከተፈታ ዓይነ ምድር ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ የላይኛው ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የታችኛው ተዘግቶ ይቆያል። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1921 ይህን ዘዴ ያቀረበው ለካንሰር ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ነገሩ ግን ከእሱም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1793፣ ማደንዘዣ ገና ሳይታወቅ፣ ዱሬ የሚባል ሐኪም ብሬስት በምትባለው የፈረንሳይ ወደብ የፊንጢጣ ቀዳዳ ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን ኮሎስቶሚ ሠራለት። ልጁ 45 ዓመት ኖረ።

ስቶማ ሲነካ አያምም፤ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም። ሲጠርጉት ጥቂት ደም ቢታይ አያስደንግጥዎ። በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሳምንታት እብጠቱ እየጎደለ ስለሚያንስ የከረጢቱን ቀዳዳ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። ቀለሙ ከጠቆረ፣ ወይም ምንም መውጣቱ ቆሞ ሆድ ከተነፋና ካስመለሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። በፊንጢጣ በኩል አልፎ አልፎ ዝልግልግ ፈሳሽ መምጣቱ ግን የተለመደ ነው፤ የታችኛው አንጀት ሥራ ቢፈታም ማመንጨቱን አይተውም።

አሁን ወደ ከረጢቱ እንምጣ፤ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነውና። በቆዳ ላይ የሚጣበቀውን ከረጢት ያሰበችው ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል ዴንማርካዊት ነርስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1954፣ እህቷ ኮሎስቶሚ ተሠርቶላት ሰው መሃል መውጣት ስለፈራች። በእኛ አገር ከረጢቱ ከሁሉም ፋርማሲ አይገኝም፤ ሲገኝም ለብዙ ቤተሰብ ውድ ነው። ስለዚህ ጨርቅና ፌስታል የሚያስሩ አሉ። ቀዶ ሕክምናውን አሳምሮ ሠርቶ ታማሚውን በፌስታል መሸኘት፣ በእኔ እምነት፣ ግማሽ ሕክምና ነው። ሽታውን የፈራ ሰው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አይሄድም፤ ለቅሶ ይቀራል፣ እድር ይርቃል።

ከረጢት ካገኙ ሲሶው ሲሞላ ይድፉት፤ ከሞላ ክብደቱ ይጎትተውና ይላቀቃል። ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁ። የሚጣበቅ ከረጢት የሌለው ሰው በስቶማው ዙሪያ ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ቢቀባ ቆዳው አይላጥም፤ በሚጣበቀው ሥር ግን ቅባት አይሆንም፣ ያንሸራትታል። ገላ መታጠብ አይከለከልም። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ሽንኩርት ጋዝ ያበዛሉ እንጂ ክልክል አይደሉም፤ አንድ በአንድ እየሞከሩ ሆድዎ የሚስማማውን ይለዩ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ጀሪካን ማንሳትና ሞፈር መያዝ ይቅር፤ በስቶማው ጎን ሌላ አንጀት ገፍቶ ሊያብጥ ይችላል።

አንዳንዱ ኮሎስቶሚ ዘላቂ ነው። ጊዜያዊው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ሰውነት ሲጠነክር፣ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ከሆስፒታል ሳይወጡ ሁለት ነገር ያድርጉ፦ ነርሷ እያየችዎ ከረጢቱን አንድ ጊዜ በራስዎ እጅ ይቀይሩ፤ ሐኪሙንም የእርስዎ ጊዜያዊ ይሁን ዘላቂ፣ የመመለሻው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ በወረቀት ያስጽፉት።