«ጠጋ በሉ»፦ በ«አለ» የሚጣመሩ የአማርኛ ግሶች

እንግሊዝኛ መስጠትን የሚያመለክተውን «ጊቭ» ወደ ላይ ከሚጠቁመው «አፕ» ጋር አጣምሮ ተስፋ መቁረጥን እንደሚገልጽ ተማሪ ሁሉ ያጠናዋል፤ አማርኛ ራሱ በ«አለ» የሚመሠርታቸው ጥምር ግሶች ግን የሚገባቸውን ያህል ትኩረት አላገኙም። በነዚህ ግሶች የመጀመሪያው ቃል ሳይለወጥ ፍቺውን ሲይዝ፣ «አለ» መደብን፣ ቁጥርንና ጊዜን ይሸከማል፦ ብድግ አለ፣ ብድግ ትላለች፣ ብድግ በሉ። ድርጊቱ በሌላ ነገር ላይ ሲፈጸም «አደረገ» ይተካዋል። ኦሮምኛም «ጨል ጄዼ»፣ ትግርኛም «ስቕ በለ» ሲሉ «ዝም አለ»ን የሚገልጹት በዚሁ ስልት ነው።

ወደ ሀና ማርያም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ሲል የሚሰማው «አለ» ግን መኖርን የሚገልጽ ሌላ ግስ ነው፤ የዚህኛው «ለ» ይጠብቃል፣ የጥምር ግሱ ይላላል፣ ጽሕፈቱ ግን ሁለቱን አይለይም።

ከሁሉ የሚልቀው የዚህ ስልት ሀብት የድርጊትን መጠን መለካቱ ነው። «በሩን ከፈት አደረገው» ሲባል በሩ በጥቂቱ መከፈቱ፣ «ክፍት አደረገው» ሲባል ደግሞ በአንድ ጊዜ ወለል ማለቱ ይታወቃል፤ «ቀላ አለ» ጥቂት መቅላትን፣ «ቅልት አለ» ፍጹም መቅላትን ያሳያል። በ«ክፍት አደረገው» ውስጥ «ፍ» እና «ት» ይጠብቃሉ፤ «ክፍት በር» ሲባል ግን ሁለቱም ስለሚላሉ፣ አንባቢው ልዩነቱን ከዐውዱ ማውጣት ይኖርበታል።

የታክሲ ረዳት «ተጠጉ» ከማለት ይልቅ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚጠይቀው ጥቂት መጠጋትን ስለሆነ ትእዛዙ ይለዝባል፣ ተሳፋሪውም ሳይቀየም ቦታ ይለቃል። ይህን ስልት የመንገድ ቋንቋ አድርገው «ጠጋ አለ»ን ሁሉ ወደ «ተጠጋ» የሚያርሙ አርታኢዎች ጽሑፉን የሚያሳጥሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሚሰርዙት የድርጊቱን ልክ ነው። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው»፣ ቮልፍ ሌስላውም በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የቋንቋውን ሥርዓት በሰፊው አብራርተዋል፤ አራሚም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት እነዚህን መጻሕፍት ገለጥ ገለጥ ቢያደርግ ይበጀዋል።