ደረቅ ማገዶ በባሌ ደጋ

ደረቅ ማገዶ ማለት ተቆርጦና ተፈልጦ ለወራት በአየር የደረቀ፣ በውስጡ የቀረው ውኃ ከጠቅላላ ክብደቱ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሆነ እንጨት ነው። በኦሮሚያ ክልል ባሌ ዞን፣ በሮቤና በጎባ ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች እንጨት ለብዙ ቤተሰብ ማብሰያም ማሞቂያም ነው።

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ከጎባ በስተደቡብ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ ማገዶ የሚበዛው በብርዱ ምክንያት ብቻ አይደለም። በሮቤ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ንፍሮ ከቆላው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። እሳቱን ማፋፋም ውኃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ድስቱ ውስጥ ያለውን ሙቀት ከፍ አያደርገውም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሳይቋረጥ ለረጅም ሰዓት የሚነድ እሳት ነው።

የእርጥብ እንጨት ኪሳራ

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ 10 ኪሎ ግራም እንጨት 20 በመቶ እርጥበት እስኪቀረው ሲደርቅ 6 ኪሎ ከሩብ ይመዝናል፤ የሚነደው ክፍል ግን በሁለቱም ጊዜ ያው 5 ኪሎ ነው። እርጥቡን የተሸከመ ሰው ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ውኃ በከንቱ ተሸክሟል ማለት ነው።

አንድ ኪሎ ውኃ አሙቆ ለማትነን 2.6 ሜጋጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ለ5 ኪሎው 13 ሜጋጁል ይሆናል፤ ይህም እንጨቱ ከሚሰጠው ሙቀት አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። ይህ ብቻውን ያን ያህል ከባድ አይመስልም። የባሰው ጉዳት ትነቱ ምድጃውን ማቀዝቀዙ ነው። ከሚሞቅ እንጨት የሚወጡት ጋዞች ከፍተኛ ሙቀት ካላገኙ አይቀጣጠሉም፤ ጭስ ሆነው ይወጣሉ። ጭስ ዓይንና ሳንባ ከመጉዳቱም በላይ ሳይነድ የጠፋ ማገዶ ነው። በደረቁ ጦስ እርጥቡ ይቃጠላል ይባላል፤ ምድጃ ውስጥ ግን የሚከስረው ደረቁ ነው፣ ሙቀቱ እርጥቡን በማድረቅ ያልቃልና።

አደራረቅ

የባሌ ደጋ በበልግም በክረምትም ዝናብ ያገኛል። እንጨት በደንብ የሚደርቅበት ጊዜ በአመዛኙ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ መጋቢት ላይ ዝናቡ ሊመለስ ይችላል። በጥር የተቆረጠ ግንድ ለዚያ ዓመት በልግ እምብዛም አይደርስም።

ውኃ ከእንጨት በይበልጥ የሚወጣው በተቆረጡት ጫፎች በኩል ነው፤ ልጡ ያፍነዋል። ስለዚህ አሳጥሮ መቁረጥና መፍለጥ ከመጠበቅ ይበልጥ ይረዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ምሳርን ያስቸግራል። ፍልጡ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በአግዳሚ ላይ፣ ንፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ ሆኖ ይደረደራል። ከላይ ክዳን ያስፈልገዋል፤ ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል ግን እርጥበቱን መልሶ ያፍናል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ልጡ ይላቀቃል፣ ሁለቱ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ከሁሉ የሚታመነው ግን ሚዛን ነው፤ አንድ ፍልጥ ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ እየመዘኑ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ማየት።

እሳቱን ማቆየት

በእኩል ክብደትና ድርቀት የተለያዩ እንጨቶች የሚሰጡት ሙቀት ተቀራራቢ ነው። ወይራ ፍሙ የሚቆየው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ነው፤ ጥድ ቶሎ ይያያዛል፣ ይፈናጠራልም። ጥድ፣ ኮሶና አስታ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኙ የአገር ዛፎች ናቸው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ በየጓሮው የሚደርቀው ባሕር ዛፍ በጫካው ላይ ያለውን ጫና ለመቀነስ ይረዳል።

በጭራሮ ተጀምሮ ፍም ከተጠራቀመ በኋላ ወፍራም ፍልጥ ይጨመራል። አየር የሚቀነሰው ነበልባሉ ከጠነከረ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተዘጋ ምድጃው ይጨሳል። ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ነገር ግን ዙሪያው የተዘጋ በመሆኑ እንደ ጉልቻው እሳት ቤቱን አያሞቅም፤ ይህ በደጋ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማታ ፍሙን በአመድ መዳፈን እስከ ንጋት ያቆየዋል። የተዳፈነ ፍም ጭስ ባይኖረውም ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያወጣል፤ በርና መስኮቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ፍም ይዞ መተኛት ሰው ይገድላል።