ሽንት ማምለጥ ነውር ሳይሆን ሕመም ነው

በመንዝ፣ በግሼ ወይም በመርሐቤቴ ከወለደች ወዲህ ሽንቷ ወይም ሰገራዋ ስለሚያመልጣት ከጎረቤት የራቀች፣ «ውዱእ አይጸናልኝም» ብላ ሶላት የተወች እናት ታውቁ ይሆናል።

ፊኛንና ፊንጢጣን የሚቆጣጠሩት ነርቮች ከአከርካሪ አጥንት ታችኛው ክፍል ይወጣሉ። የነርቭ ማነቃቂያ ሕክምና ለእነዚህ ነርቮች አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በመስጠት በአንጎልና በፊኛ መካከል የሚመላለሰውን መልእክት ያስተካክላል። አንዱ ዘዴ ቁርጭምጭሚት አጠገብ በቀጭን መርፌ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለ30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንታት። ሌላው ከመቀመጫ በላይ ከቆዳ ሥር በኦፕራሲዮን የሚቀመጥ መሣሪያ ነው።

ነገር ግን አስቀድሞ መንስኤው ይታወቅ። ኢንፌክሽንና የስኳር በሽታ ይመርመሩ። በተራዘመ ምጥ የመጣ ፊስቱላ ከሆነ ቀዳዳው የሚዘጋው በኦፕራሲዮን እንጂ በነርቭ ማነቃቂያ አይደለም። በ1974 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የአዲስ አበባ ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ እናቶችን በነፃ ያክማል።

እስከዚያው ሽንቱ የማይቋረጥለት ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ስለዚህ ሶላቱም ሕክምናውም አይቅር።